ራሙ 8፣ ምኞቱ 64

ሲሲኤንኤ እናጠናለን ከሚሉ ልጆች ጋር ቡና ከጠጣችሁ ወሬው አንድ ነው፦ ቤት ውስጥ ለመለማመድ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? የሚመርጠው ብዙ፣ ራውተሩን የሚያዋቅረው የለም። እኔም ምላሴን ስዬ መጥቻለሁ።

«ፓኬት ትሬሰርማ የሕፃን መጫወቻ ነው!»

እስቲ በመጫወቻው ሁለት ራውተር በኦኤስፒኤፍ አጎራብትልኝ። ትእዛዙ ጠፋህ? ቆይ፣ ሕፃኑን እንጥራልህ።

«ሲስኮ ያላስገባበትን ትእዛዝ አይቀበልማ!»

እውነት ነው፤ አስመሳይ ስለሆነ የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው። አንተስ የተነገረህን መች አወቅህ? ለሲሲኤንኤ እሱ ይበቃሃል። የሲስኮ ኔትዎርኪንግ አካዳሚ አካውንት ከፍተህ በነጻ አውርደው።

«እኔ እውነተኛውን አይኦኤስ ነው የምፈልገው። ጂኤንኤስ3 ደግሞ ነጻ ነው።»

ነጻው ድስቱ ነው፤ ወጡን፣ አይኦኤሱን ማለቴ ነው፣ ራስህ ታመጣለህ።

«ወጡንማ ከቴሌግራም አወረድኩት።»

ማን እንደነካካው ሳታውቅ? ትናንት የምታጠናው ምዕራፍ ስለ ሴኪዩሪቲ አልነበር እንዴ! ሕጋዊውን ከፈለግህ ሲስኮ ሞዴሊንግ ላብስ አለልህ፤ የግሉ በዓመት 199 ዶላር፣ 20 መሣሪያ ያስነሳል። ነጻው 5 ብቻ።

«አምስት ምን ያደርግልኛል?»

ላንተ? አራቱ ይተርፉሃል።

«ማይክሮቲክ ሲኤችአርም በነጻ አለ፤ ግን በፖርት 1 ሜጋ ቢት ነው አሉ!»

ፒንግ ልታደርግበት ነው ፊልም ልታይበት?

«ጂኤንኤስ3 ላይ አንድ አሮጌ 3725 ራውተር ባስነሳ ላፕቶፔ ጮኸ። ራውተሩ እኮ ምንም አይሠራም!»

አይድል-ፒሲ አልሰጠኸውማ። ጂኤንኤስ3 ውስጥ አሮጌውን ራውተር የሚያስመስለው ዳይናሚፕስ ያቺ ቁጥር ካልተሰጠችው፣ ሥራ ለሌለው ራውተር ፕሮሰሰሩን ሙሉ ያስሮጠዋል። ሥራ ፈትቶ እንዲህ የሚያልበው አንተን ብቻ ነበር የማውቀው።

«ኢቭ-ኤንጂ ላይ ስድስት ሲኤስአር 1000ቪ ራውተር አስነስቼ ቢጂፒ ልሞክር ነው።»

አንዱ 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል፤ ስድስቱ 24። ያንተ ላፕቶፕ 8 ነው፣ ያውም ዊንዶውስ ቀድሞ በልቶለት። ራውተሮቹ ሳይነሱ የላፕቶፑ ዘመድ ይጠራል! ቀለል ያለው ራውተር አይኦኤስቪ ግን በ512 ሜጋ ባይት ይነሳል፤ ቢጂፒም ካንተ የተሻለ ያውቃል። (ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን ማብራትህን አልጠይቅህም፤ መልሱን ፈርቼ ነው።)

«መብራት ሄዶ የሠራሁት ሁሉ ጠፋ። ራይት ብዬ ነበር እኮ!»

በምን?

«በፓኬት ትሬሰር።»

አሃ፣ መጫወቻው! ራይት ያልከው ሥዕሉ ውስጥ ላለው ራውተር ነው፤ እሱማ ታዞ ጽፏል። ፋይሉን ራሱን ሴቭ ሳታደርግ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ራውተሩም ማስታወሻውም አብረው ሄዱ። መብራቱን አትርገም።

«እሺ ይሁን። አሁን ሁሉንም ጫንኳቸው፤ በሁሉም ላይ ፒንግ እምቢ አለኝ። ሌላ ጠቁመኝ።»

ኢንተርፌሱን ኖ ሻትዳውን ብለኸዋል?

«እሱ ደግሞ የት ነው የሚወርደው?»