የላብ ንድፈ ሐሳብና የሱሪ ማስረጃ፦ ስፖርት ከአዋሽ እስከ ሰመራ

በአዋሽ ሰባትና በሰመራ የሚዘወተረውን ስፖርት የሚያጠና ሰው አስቀድሞ የጥናቱን ዋና ጉዳይ፣ ማለትም ቦርጭን፣ መበየን ግድ ይለዋል። ቦርጭ ባለቤቱ «ከሰኞ ጀምሮ አጠፋዋለሁ» የሚለው፣ ሰኞም በየሳምንቱ ሳያስተጓጉል እየመጣ ሳይነካው የሚያልፍ የሆድ አካባቢ ክምችት ነው። በሁለቱ ከተሞች ይህን ክምችት ለመቀነስ የሚደረገው ጥረት ቀላል ስላልሆነ፣ ውጤቱ ከጥረቱ ያነሰበትን ምክንያት መመርመር የሊቃውንት ፈንታ ሆኗል።

ጥረቱን የሚመራው «የላብ ንድፈ ሐሳብ» ሊባል የሚችል እምነት ሲሆን፣ እርሱም የሚገኘው ለውጥ በፈሰሰው ላብ ልክ ነው የሚል ነው፤ በዚህም የተነሣ ቱታ ላይ ጃኬት ደርቦ፣ ሲብስም ሆድ ላይ ፌስታል ጠምጥሞ ሶምሶማ መሮጥ እንደ ጥበብ ይቆጠራል። ንድፈ ሐሳቡ በደጋ አገር ቢያንስ መሮጥን ስለሚጠይቅ ብዙ ጉዳት የለውም። ከባሕር ወለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሰመራ ግን፣ በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ የቆመበት የቢሮ ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሣ የከተማዋ ቀዳሚ ስፖርተኛ ሆኖ ይገኛል። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ እንጂ ስብ የሚወጣበት ቦይ አይደለም፤ በላብ የጠፋው ኪሎ ውኃ ስለሆነም ሁለት ሃይላንድ ሲጠጣ ተመልሶ ይመጣል። ሰዎች ሚዛን ላይ የሚወጡት ግን ከመጠጣታቸው በፊት ስለሆነ ይህ እውነት ንድፈ ሐሳቡን እስካሁን አላናወጠውም።

ከደጋ ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ ደግሞ «ሙቀትን መላመድ» የሚባለው ሂደት ይመለከተዋል፤ ይህም ሰውነት በየቀኑ በሙቀት ውስጥ እየሠራ ላቡን ቀደም ብሎ ማፍለቅ የሚጀምርበት፣ የደሙ ፈሳሽ ክፍል የሚጨምርበትና የልቡ ምት ለዚያው ሥራ ዝግ የሚልበት ለውጥ ሲሆን፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ጀማሪው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያቋርጠው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ሰውነቱ እሺ ሊል ሲል ባለቤቱ እንቢ ይላል፤ ልምዱም በጥቂት ሳምንታት ስለሚጠፋ ሲመለስ ከአንድ ይጀምራል። ሳያቋርጥ የሚቀጥለው ጥቂቱ ሌላ እክል ይገጥመዋል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ያንኑ አስፋልት በዚያው ፍጥነት፣ ከዚያው ጓደኛው ጋር ያንኑ ወሬ እያወራ ስለሚጓዝ፣ ጫና ቀስ በቀስ ካልተጨመረለት የማይጠነክረው ጡንቻ የሚለወጥበት ምክንያት ያጣል። የአንድ ሰዓት ፈጣን እርምጃ 70 ኪሎ ከሚመዝን ሰው የሚያቃጥለው 300 ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ «ስፖርት ሠርተን የለም እንዴ» ተብሎ የሚታዘዘው የፍየል ጥብስ ሂሳቡን ከነወለዱ ይመልሰዋል።

በአንጻሩ በዚሁ አካባቢ ቱታ ሳይለብሱ ውጤት ያገኙ ወገኖች አሉ። የአፋር አርብቶ አደር ከመንጋው ጋር የሚሄደውን መንገድ ስፖርት ብሎ አይጠራውም፤ ሰው ሲያገኝ ግን አረፍ ብሎ «ዳጉ» ይለዋወጣል፤ ዳጉም የተገናኙ መንገደኞች ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽና ስለ ሰላም ያዩትንና የሰሙትን የሚነጋገሩበት የዜና ሥርዓት ነው። የዘመኑ አሠልጣኞች በመሃል እያረፉ መሥራትን በክፍያ ሲያስተምሩ፣ እዚህ ዜናው በነጻ ይመረቅበታል።

ያለ ቱታም ውጤት እንደሚገኝ ከሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃ ግን ሱሪ ነው። ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በ1953 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ተቀምጠው የሚውሉት ሾፌሮች፣ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ትኬት ከሚቆርጡት ባልደረቦቻቸው ይልቅ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አሳዩ፤ በ1956 ደግሞ የደንብ ልብሳቸውን ልክ መርምረው የሾፌሮቹ ሱሪ በወገቡ በኩል እንደሚሰፋ አረጋገጡ። ዘዴውን ወደ ጅቡቲ መስመር ማምጣት አያስቸግርም፤ ከአዋሽ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አድርጎ ሰመራን አልፎ ወደ ጋላፊ የሚወርደው ከባድ መኪና ብዙ ስለሆነ ናሙናው በየሆቴሉ ደጃፍ ተሰልፎ ይገኛል። ሾፌሩ መሪ ይዞ ይውላል፤ ረዳቱ ጎማ ይፈትሻል፣ ታኮ ያስገባል፣ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራ ይወጥራል፣ ወርዶ ገመድ ያጠብቃል፤ ስለዚህም ቦርጫም ረዳት በመስመሩ ላይ ብርቅ ነው። በለንደኑ ጥናት ላይ፣ ምናልባት ሾፌሮቹ ሲቀጠሩም ወፍራም ነበሩ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በጅቡቲ መስመር ግን ሾፌሩ ራሱ የትናንት ረዳት ስለሆነ ክርክሩ በአንድ ሰው ወገብ ላይ ይፈታል፤ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ታኮውን ለሌላ ካስረከበ በኋላ ጥቂት ቆይቶ በቀበቶው ጫፍ አዲስ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ በሚስማር የሚበሳለትም ረዳቱ ነው።