«ተርትረው!»

ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ ኪሮሽ ጨበጥኩ። ይህን የምነግራችሁ ለመናዘዝ አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በረንዳ ላይ የተሠራ ነገር ምስጢር ሆኖ አያውቅም።

ጦሱ የአፌ ነው። ጎረቤታችን እማማ ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። እማማ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ሶፋው ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ውሃ ማጣሪያው ለብሷል፤ ሲሊንደሩ ሳይቀር ባለ ዘርፍ ቀሚስ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። «እማማ፣ ሦስተኛውን ከጠጣሁ እኔንም ሊያለብሱኝ አይደል?» አልኩ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«አንተስ ብርድህን ቻል» አሉኝ። «ለሚስትህ ግን አንዲት ሻል ሠርተህ ብታለብሳት ምን አለበት? ለግንቦት ልደታ ትደርሳለች።»

ሚስቴ ስኒዋን አስቀመጠችና ዞራ አየችኝ። ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

«ወንድ ልጅ ከኪሮሽ ምን አገናኘው?» ለምትሉኝ መልስ አለኝ። በአገራችን ጥጡን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ሸማውን የሚሠራው ግን ወንድ ነው። ሽሮ ሜዳ ሂዱና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያ የሚወረውረውን ሰው እዩት፤ ጢሙ እስከ ደረቱ የሆነ አባወራ ነው። ክርማ የኛም ነው! ይህን ክርክር በረንዳዬ ሥር ላለፈ ሁሉ አስረድቻለሁ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ክር ለመግዛት መርካቶ ወረድኩ። ከስታዲየም ወዲህ በአንድ ሐዲድ የሚመጡት ሁለቱ የባቡር መስመሮች የሚለያዩት እዚሁ ልደታ ነው፤ አረንጓዴው ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሰማያዊው በአብነት በኩል ወደ መርካቶና ፒያሳ። በሰማያዊው ሄጄ አውቶቡስ ተራ ወረድኩ፤ ስመለስ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ልቃቂት በፌስታል ይዤ ነበር። ማታ ፌስታሉን ስከፍተው አራቱ አንድ ሆነዋል። ባቡሩ እንኳ ልደታ ሲደርስ ይለያያል! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውነት ነው፤ እኔን ለማሰር ግን ሳያብርም በቃው።

ሰንሰለት መሥራቱን በሦስት ቀን ቻልኩ። ከዚያ እማማ «አሁን ዛጎል» አሉ። ዛጎል ማለት በአንዲት ቀዳዳ ውስጥ አምስት ረጃጅም እግሮች ተክሎ እንደ ማራገቢያ መዘርጋት ነው። ከዚያ ሁለት ሰንሰለት ዘለህ ትቋጥራለህ፤ እንደገና ሁለት ዘለህ ሌላ ዛጎል ትተክላለህ። ለአስር ዛጎል 61 ሰንሰለት፤ ለመመለሻ አንዲት ጨምር፣ 62። ቀላል ነው። ለእሳቸው።

ረድፍ በጨረስኩ ቁጥር ቀለም እቀይራለሁ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ቀይ። ሥራው አማረ። ፎቶ አንስቼ ዘመድ ወዳጅ ባለበት ሁሉ ላክሁት። እማማ ግን መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ዘቅዝቀው አዩት፣ «ቁጠር» አሉኝ። የመጀመሪያው ረድፍ አስር ዛጎል፣ ሁለተኛው ዘጠኝ፣ ሦስተኛው ስምንት። አምስተኛው ላይ ስደርስ ስድስት! ለካ ረድፉ ሲዞር ከሁለቱም ዳር ግማሽ ግማሽ ዛጎል ይተከላል። ዳርና ዳሩን ረስቼ መሀሉን ሳሳምር ሻሉ ወደ ክራባት እየሄደ ነበር።

«ተርትረው» አሉኝ።

«ተረት ተረት» የሚሉኝ መስሎኝ «የላም በረት» ልል ነበር። ጫፉን ይዘው ሳብ አደረጉት። የሁለት ሳምንት ሥራ ቡና ሁለተኛው ሳይደርስ ክር ሆነ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ፣ ልቃቂቱን እየጠቀለሉ። እኔ እኮ አልሮጥኩም፤ ተቀምጬ ነው የሠራሁት።

አራት ጊዜ ተረተርኩት። በአራተኛው ላይ የእማማን ቤት በሌላ ዓይን አየሁት። «ዳንቴል» የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ ከጥርስ የመጣ ነው፤ እውነትም ጥርስን ነክሰው የሚሠሩት ነገር ነው። ሹራብን ማሽን ይሠራዋል፤ የኪሮሽን ሥራ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እጅ እንጂ ማሽን በደንብ አልቻለውም። በ1840ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አየርላንድ ድንች ጠፍቶ ሕዝብ ሲራብ ብዙ ሴቶች በኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩ ሸጠው ቤተሰብ አኑረዋል። ይህን ለእማማ ስነግራቸው አልገረማቸውም። «እኔስ ልጆቼን በምን ያሳደግኳቸው መሰለህ?» አሉና የሲሊንደሩን ቀሚስ ዘርፍ አስተካከሉ። ያን ቀን ከቡናው ጋር ቀልዴንም ዋጥኩት።

ግንቦት 1 ደረሰች። የሕንፃው ሰው እንደ ልማዱ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቀለ፣ ቡና ተፈላ። ሻሉ አላለቀም፤ ቢሆንም አሁን ዳርና ዳሩ ቀጥ ብሏል፣ ዛጎሉም ቢቆጠር አያሳፍርም። ማምሻውን ካፊያ ጀመረና ሚስቴ «በረደኝ፣ ያለውን አምጣው» አለች። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፤ ከጀርባዋ ይደርሳል፣ ከክንዷ አይደርስም። ኪሮሹ እንደ ጌጥ ተንጠልጥሏል። ክሩ ገና ስላልተቆረጠ እሷ ወደ ንፍሮው ስትሄድ እኔ ልቃቂቱን ታቅፌ እንደ ሚዜ ከኋላዋ ተከተልኩ። እማማ ባቄላ እየቆረጠሙ ከላይ እስከ ታች አዩን።

«ዛጎሉ ጥሩ ነው» አሉ። «ሚዜው ግን ያረጀ ነው።»

አሁን የቀረኝ 14 ረድፍ ነው፤ ቢጫው አልቋል። የአደይ አበባ ቢጫ ክር የተረፈው የልደታ ሰው ካለ፣ በረንዳውን ያውቀዋል።