ስልኬ ኮንሰርት ሄዶ ነበር

ቅዳሜ ማታ ወላይታ ሶዶ ኮንሰርት ሳይሄድ የቀረ የእኛ የቤሌ ሰው ምንም አልቀረበትም። ሰኞ ጠዋት ቡና ቤት ይቀመጥ እንጂ የሄዱት ይነግሩታል። መጀመሪያ የሰዉን ብዛት፤ መርፌ ቢጥሉ መሬት አይደርስም ነበር። ቀጥሎ መብራቱን፣ ጭሱን፣ የዘፋኙን ጃኬት፣ ቪአይፒ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ቢራው በስንት እንደተሸጠ። በመጨረሻም በዚያ ሌሊት ወደ ቤሌ የሚመልስ መኪና ፍለጋ የታየውን አሳር። ወሬው ሁለት ሲኒ ቡና ያስጨርሳል። ዘፋኙ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራ መሆኑ፣ ዝግጅቱም ገና ያልወጡ አዳዲስ ዘፈኖቹን የሚያሰማበት መሆኑ በፖስተሩ ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር። ስለ እነሱ ግን እስካሁን አልተነሣም። ለሁሉም ጊዜ አለው።

ከጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን ዘመኑ አልገባቸውምና አላስቻላቸውም።

«ለመሆኑ ልጁ ምን አለ?»

«የቱ ልጅ፣ ጋሼ?»

«ዘፋኙ ነዋ!»

ጎረምሶቹ ተያዩ። ሰው በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? እኚህ ሰው ያደጉት በሠርግና በጊፋታ በዓል አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ በሚዘፈንበት ዘመን ነው። አውጪው እዚያው ቆሞ ስንኝ ይፈጥራል፤ ስስታሙን ይነካካል፣ ጎበዙን ያወድሳል፣ የቀረውን ይወቅሳል። ታዳሚውም የተባለውን ይዞ ገብቶ ላልሄደ ጎረቤት ያደርሳል። ሳያደርስ የቀረ ሰው «በልተህ ብቻ ነው የመጣኸው?» ይባል ነበር። ኋላቀርነት ነው፤ ምን ይደረግ።

«ቪዲዮ አለኝ» አለ ከጎረምሶቹ ፈጠን ያለው፣ ስልኩን እያቀበላቸው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። ፊት ለፊት የአንድ ወፍራም ሰውዬ ማጅራት አለ። ከማጅራቱ በላይ የስልክ ጫካ አለ። ከጫካው በላይ አንድ ቀይ ነገር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ዘፋኙ እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ድምፁ ደግሞ የዘፋኙ ሳይሆን የቀረጸው ልጅ ነው። መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ አዲሱን ዘፈን እየዘፈነ፣ የእኛ ልጅ ከስልኩ ኋላ ሆኖ በሙሉ ስሜት የድሮውን ያዜማል።

እኔ በበኩሌ ከልጁ ጎን ነኝ። ትኬት የገዛ ሰው የገዛውን መስማት አለበት የሚል ሕግ የለም። ጆሮ ያላቸው ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ በየቤታቸው ይሰሙታል፤ ኮንሰርት የሚኬደው መሄድ ስላለ ነው። ይህን ያልተረዱ ጥቂት ሰዎች አሉ። ብቻቸውን እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን መድረኩ ላይ ተክለው፣ አንዳንዴም ከንፈራቸውን እየነከሱ ያዳምጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ የቆመ ጎረምሳ ምን ይሰማዋል? ያስፈራል! ደኅንነት ነው እንዴ?

ከሁሉ የሚያኮራኝ በር ላይ የሚሰጠው አስተያየት ነው። ጋዜጠኛዋ ማይኳን ትዘረጋለች፤ «ኮንሰርቱን እንዴት አገኛችሁት?» ተጠያቂው «ቃላት የለኝም» ይልና አሥር ደቂቃ ያወራል። «ልዩ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ነው። እሱ እኮ እሱ ነው።» የቱ አዲስ ዘፈን ይበልጥ ነካህ ብላ ብታፋጥጠው (አታፋጥጠውም እንጂ፤ እሷም አልሰማችውም) «ሁሉም» ይላታል። ዕውቀት ያለበት መልስ ነው። «ሁሉም» ያለ ሰው ተሳስቶ አያውቅም። ትንሽ የሠለጠነው ደግሞ «ሲደጋገም የሚጥም ነው» ይላል። ሲተረጎም አንድም ጊዜ አልሰማሁትም ማለት ነው፤ ግን እንዴት ያለ ጨዋ አባባል ነው!

አዲስ ዘፈን በኮንሰርት ላይ ጥቅም የለውም የሚለኝን ግን አልቀበልም። ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሽንት ሰዓት ነው። ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን ደግሞ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን፣ በቅርቡ የጻፍኩትን...» ሲል ሕዝቡ ምልክቱን ያውቃል፤ ግማሹ ወደ መጸዳጃ፣ ግማሹ ወደ ቢራው። ልጁ ሁለት ዓመት የተጨነቀበትን ስንኝ ለማጅራቶች ይዘፍናል። ከቀሩት መካከል የጥበብ ፍቅር ያላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ መለከት አድርገው «የድሮውን!» ይላሉ። እሱ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ነው። «የድሮውን!» አራተኛው ላይ ተሸንፎ ለባንዱ ይጠቅሳል፤ የድሮው ይጀመራል፤ አዳራሹ ይፈርሳል። ማግስት ደግሞ እዚያው ቡና ቤት፣ «ይሄ ልጅ ግን አዲስ ነገር አልቆበታል» ተብሎ በአንድ ድምፅ ይወሰናል።

እነዚሁ ሰዎች ኳስ ላይ እንዲህ አይደሉም፤ ይህ ትንሽ ያሳስበኛል። መጋቢት 2010 ወላይታ ድቻ ካይሮ ላይ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ሲያወጣ አገሩ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ «አዲሱን ተዉትና ያለፈው ዓመት ግብ ይደገም!» አላለም። ለምን እንዳላለ አላውቅም። ምናልባት የኳስ ደጋፊ ገና አልሠለጠነም።

ነገሩ ግን የወላይታ ብቻ አይደለም፤ አድልዎ እንዳይሆንብኝ። ድሮ ሰው አዲስ ዘፈን ከመድረክ ይሰማ ነበር። በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ ሁሉም የበዓል ሰሞን አዲስ ሥራ ይዘው ይወጡ ነበር። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው በ1961 ነው፤ ካሴቱም ገና ነበር። ስለዚህ ጥላሁን ገሠሠ አዲስ ነገር ሲዘፍን ታዳሚው ከረባቱን አጥብቆ ጆሮውን ከማቆም በቀር ምርጫ አልነበረውም። ምስኪኖች! እጃቸው ባዶ፣ የሚይዙት ነገር እንኳ የላቸውም፤ ቤታቸው የሚገቡት በራሳቸው ጭንቅላት ውስጥ የቀረውን ብቻ ይዘው ነው። ሃምሳና ስድሳ ዓመት አልፎ አንዳንዶቹ ዛሬም በቃላቸው ይወጡታል። ይህን ሁሉ ዓመት ጭንቅላት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሚሞሪ ካርድ ባለበት አገር፣ ብክነት ነው።

ዘመናዊው አሠራር ግን ዘፈኑን አስቀድሞ በቃል ይዞ ኮንሰርት መሄድ ነው፤ ምሳሌውም ቴዲ አፍሮ ዘንድ ይገኛል። ግጥምና ዜማውን ራሳቸው ከሚሠሩት መካከል ስሙ አስቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ የወጣው ሚያዝያ 2009 ነው። በወሩ ከየሚኒባሱና ከየሱቁ ይሰማ ነበር፤ የቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አናት ላይም ወጣ። በነሐሴ መጨረሻ ሒልተን ሊደረግ የነበረውን የምርቃት ዝግጅት ፖሊስ አስቆመው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ኮንሰርቱም ሳይፈቀድ ቀረ። ዘፈኖቹ ባሕር ዳር ላይ መድረክ ያገኙት ጥር 2010 ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥር ቁጠሩ፤ ዘጠኝ ወር፣ እንደ እርግዝና። በዚያን ጊዜ አልበሙን በቃሉ የማይወጣ ሰው ስታዲየሙ በር ላይ አልነበረም። ብዙዎች በጊዜው መንግሥትን ወቀሱ። እኔ ግን ሳስበው ለታዳሚው ታስቦ ይመስለኛል፤ አዲስ ዘፈን በአዲስነቱ ፊቱ ቢቀርብ ይደነግጥ ነበር።

ዘፈን በቃል ይዞ የመሄድ ልማድ ዛሬ ሁሉም ዘንድ ደርሷል። ዘፋኙ ሁለት ስንኝ ብሎ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ይዘረጋል፤ ሕዝቡ የቀረውን ይዘፍናል፤ ዘፋኙ ጆሮውን በእጁ ይዞ «አልሰማሁም!» ይላል፤ ሕዝቡ ይጮሃል። አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ አስቡት። የከፈለው ይዘፍናል፣ የተከፈለው ያዳምጣል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ኮንሰርት የሰማ አንድ ሰው ቢኖር ዘፋኙ ነው። አስተያየት መጠየቅ ያለበትም እሱ ነበር፤ «ሕዝቡን እንዴት አገኘኸው?» ቢባል ቃላት የሚኖሩት ይመስለኛል።

ሶዶ የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ዘፋኞቹም ብልሃት ለምደዋል። አንድ «ወላይትኛ» ዘፈን ይዘው ይመጣሉ። መንገድ ላይ ከሹፌሩ የተማሩትን «ሳሮ!» ብለው ይገባሉ፤ ድንጉዛ ትከሻቸው ላይ ይደረብላቸዋል፤ ወገብ ይንቀሳቀሳል፤ ምሽቱ ድኗል። ከዚያ በኋላ የስልክ ማውጫ ቢያነቡም ማንም አይቀየማቸውም። በወላይትኛ ራሱ ጽፎ ራሱ የሚዘፍን የአገሩ ልጅ ግን፣ ከዋናው ዘፋኝ በፊት፣ ገና ሰው ሳይገባ፣ ሳውንድ ቼክ ይሁን ዘፈን ሳይለይ እንዲወጣ ይደረጋል። ቋንቋውን የሚሰማ ሕዝብ ፊት ማቅረብ አደጋ አለው፤ ምን እንዳለ ሊገባቸው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ፤ ካላነሣሁት ቤሌ መኖር አልችልም። ወላይታ የመዝሙር አገር ነው። ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ገብተው በጣልያን ወረራ ጊዜ ሲባረሩ ጥለዋቸው የሄዱት ጥቂት አማኞች ነበሩ። ከጣልያን በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠር ምእመን ጠበቃቸው፤ እየዘመረ። ዛሬም እሑድ ጠዋት መዘምራን አዲስ መዝሙር ይዘው ሲቆሙ ጉባኤው ሦስተኛው አዝማች ላይ ይቀበላል። እናቶች ቤታቸው ገብተው ቡና እየቆሉ ያዜሙታል። የእኛ ጎረምሳ ቅዳሜ ሌሊት አንድ ስንኝ ያልያዘለት ጆሮ፣ እሑድ ጠዋት እዚያው እናቱ አጠገብ ሆኖ አምስት ስንኝ ይይዛል። ስለዚህ ጆሮው ይሠራል ማለት ነው። ይህን ምስጢር ለማንም አትንገሩ።

እናቱን ካነሣን አይቀር፣ ልጁ ቅዳሜ ማታ «ጓደኛዬ ታሞብኝ» ብሎ ነበር የወጣው። ዘፈን ነውር የሆነበት ቤት ነው። ሆኖም የሄደበትን ማስረጃ በገዛ እጁ ቀርጾ፣ ድምፁን ጨምሮ፣ ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ ጫነው። እናቱ ቲክቶክ የላቸውም። የአክስቱ ልጅ ግን አላት።

ልጁ ቀርጾ ምንም አለመያዙ አይፈረድበትም፤ ሳይንሱም ከጎናችን ነው። ሊንዳ ሄንክል የተባለች የፌርፊልድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና አጥኚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ሰዎችን ሙዚየም አስገብታ፣ ከፊሉን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሡ፣ ከፊሉን ዝም ብለው እንዲያዩ አደረገች። በማግስቱ ሲጠየቁ ፎቶ ካነሡት ይልቅ ያዩትን አስታወሱ። ይህን ለማወቅ አሜሪካ መመራመር ባላስፈለገ፤ ከሶዶ ቤሌ የሚመለስ የእሑድ ንጋት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

የሚያስቀናኝ የፈረንጅ ታዳሚ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባለጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ማንችስተር ውስጥ፣ በኋላ በ2016 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ቦብ ዲላን፣ ሰዉ የለመደውን ተራ ጊታር ትቶ በኤሌክትሪክ ጊታርና በባንድ ሲዘፍን አንድ ሰው ከሕዝቡ መሀል «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ነውር ነው። ግን ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ሰምቷል! ከትናንቱ የተለየ መሆኑን አውቋል፣ ተናዷል። የእኛ አገር ዘፋኝ አዲሱን ሥራውን ከእስክስታ ወደ ሬጌ፣ ከሬጌ ወደ ለቅሶ ቢቀይረው «ይሁዳ» የሚለው አንድ ደፋር አያገኝም። «እንወድሃለን!» ነው የሚባለው፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ በጨለማ ቢያስነጥስም። ዲላን በእርጅናው የታዳሚውን ስልክ በከረጢት አስቆልፎ መዝፈን ይዟል አሉ። የማንችስተሩን ሰውዬ ፍለጋ መሆን አለበት።

እኛ ጋ ከረጢት አያስፈልግም። የተሻለ ሐሳብ አለኝ፤ ፕሮሞተሮች ልብ ብላችሁ አንብቡ። ኮንሰርት ባለበት ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የቤሌ ስልኮች መናኸሪያ ይሰበሰቡ። ቻርጅ መሞላታቸውና ሚሞሪያቸው መጽዳቱ ይረጋገጥ። በየጀርባቸው የባለቤቱ ስም ይለጠፍ። አንድ ሚኒባስ ሁለት መቶ ስልክ ሳይጨናነቅ ይይዛል፤ ትርፍ ጫነ የሚል ትራፊክም የለም። ከአንድ ታማኝ ልጅ ጋር ሶዶ ይላኩ፤ ቪአይፒዎቹ ስታንድ ላይ ይቁሙ፣ ተራዎቹ እንጨት ላይ ይታሰሩ። ስልክ ቢራ አይጠጣም፣ አይጣላም፣ «የድሮውን» ብሎ አይጮህም። ባለቤቱ ቤቱ ራቱን በልቶ በጊዜ ይተኛል፣ እናቱንም አይዋሽም። እሑድ ጠዋት ስልኩን ተረክቦ ሰኞ ቡና ቤት ሲደርስ ከሄዱት እኩል ይተርካል። አስተያየቱም ዝግጁ ነው፤ ከአሁኑ ሊሰጠው ይችላል፤ ልዩ ነበር።

ዘፋኙም ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው አይገባም። እሱስ ለምን ይደክማል? የራሱን ስልክ ይላክ። አዲሶቹን ዘፈኖች ጭኖ፣ አንድ ስፒከር ላይ ሰክቶ፣ መድረኩ መሀል ያስቀምጠው። የቀረውን በብሉቱዝ ይጨራረሱ።