ዳንቴል የለበሰው ፕሌይስቴሽን

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መርዶ አነጋገር ግን አያውቅበትም። ባለፈው ዓርብ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ «አባዬ፣ ፕሌይስቴሽን 3 እኮ ሞቷል» አለኝ። ሟቹ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ እንደ ወፍጮ ቤት እያጓራ ነበር።

«ማን ገደለው?»

«የጨዋታዎቹን ሰርቨር አንድ በአንድ እየዘጉት ነው። ኦንላይን ማንም የለም። ጓደኞቼ ሳቁብኝ።»

ኦንላይን! የኔ ማሽን ኦንላይንን የሚያውቀው እኔ ባሕርን በማውቀው ልክ ነው፤ በወሬ። በወጣትነቴ በሰፈራችን ጌም ቤት በጨዋታ እየከፈልን ስንጫወት፣ ኦንላይን ማለት ከኋላችን ቆሞ «ተሸናፊ ይነሳ!» የሚለው ወረፋ ነበር። ያ ሰርቨር ተዘግቶ አያውቅም።

ሰርቨር ሲዘጋ የሚያለቅስ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2010 የመጀመሪያው ኤክስቦክስ የኦንላይን አገልግሎት ሲቋረጥ፣ ሄሎ 2 ሲጫወቱ የነበሩ ጥቂት ሰዎች አንወጣም አሉ። ዘዴያቸው ቀላል ነበር፤ ማሽኑን አለማጥፋት። ቀድሞ የገባውን ሰው ሰርቨሩ አላባረረውም። አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ፣ የመጨረሻው ሰው የወጣው ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ የመብራት መጥፋት በመጀመሪያው ምሽት እራት ሳይቀርብ ይበትናቸው ነበር።

ለማሽኔ የወጣለት የመጨረሻው ፊፋ፣ ፊፋ 19 ነው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ዝውውር የለም። ሜሲ ዛሬም ባርሴሎና ነው። ሃዛርድ ዛሬም ቼልሲ ነው፤ ጫማውን መስቀሉን ማንም አልነገረውም፣ እኔም አልነግረውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ማሽን ሊገድለው የነበረው ሰርቨር አይደለም፤ እናቴ ናት። ከደሴ የመጣች ሰሞን «አቧራ እንዳይጠጣ» ብላ ነጭ ዳንቴል አለበሰችው፤ ከላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አኖረችበት። ቡና የሚፈላውም እዚያው አጠገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የወጡት ወፋፍራሞቹ ፕሌይስቴሽን 3ዎች ያለ ዳንቴልም ትኩሳታም ናቸው። የኔው ደግሞ የከሰሉን አመድ ምጎ፣ የዕጣኑን ጭስ ታጥኖ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ነው የሚሠራው። አንድ እሑድ አረንጓዴ በራ፣ ቢጫ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ጢጥ ጢጥ ብሎ ቀይ መብራቱን እያርገበገበ ቀረ። ፈረንጆቹ ለዚህ በሽታ «የሞት ቢጫ መብራት» የሚል ስም አውጥተውለታል።

መድኃኒትም አላቸው። ማዘርቦርዱን ፈትተው እንደ ዳቦ ኦቭን ውስጥ ይከቱታል፤ አንዳንዱ ይነቃል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ተመልሶ ይተኛል። እኛ ቤት ኦቭን የለም። ዓይኔ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲሄድ ሚስቴ ቀደመችኝ።

«በጎመን ዘር ያሟሸሁት ምጣድ ላይ ማዘርቦርድ ልትጋግር ነው?»

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጠጅ ቤት ነበር እንዴ የሚሠራው?» አለኝ። ከማራገቢያው ላይ የወጣው አቧራ የሕፃን ትራስ ይሞላል። ቺፑ ላይ የነበረው ሙቀት አሳላፊ ፔስት እንደ ደረቀ ሽሮ ተፈርፍሯል። በአልኮል ጠርጎ አዲስ ቀባለት፣ የደከሙ ካፓሲተሮች ለወጠለት። ማሽኑን የጠቀለልኩበትን ዳንቴል ሲያይ ግን በጣቱ አንስቶ «ገዳዩን ይዘውት ነው የመጡት» አለ። ለእናቴ አልነገርኳትም።

ሲዘጋው ሳንቲም የምታህል ባትሪም ለወጠ። ይህች ባትሪ የማሽኑን ሰዓት ትይዛለች። እሷ ከሞተች ማሽኑ ቀኑ ይጠፋበታል፤ ከኢንተርኔት ሰዓት ለምኖ ካላገኘም ከኦንላይን ሱቁ አውርደህ በገንዘብህ የገዛኸውን ጨዋታ አልከፍትም ይላል። ነገ የሚለምነው ቢያጣስ? ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህን ማሽን ሱቅ ሊዘጋ ቀን ቆርጦ፣ ጩኸቱ ሲበዛ ወር ሳይሞላው ተወው፤ ሁለተኛ ጊዜ ስለ መጮሃችን ዋስ የለኝም። በዲስክ ያለው ጨዋታ ግን ማንንም አያስፈቅድም። ስለዚህ ዲስክ እሰበስባለሁ። ሚስቴ «ቆሻሻ» ትለዋለች።

ደግሞ ይህ ማሽን በሰዓት ጉዳይ የሚታመን አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2010፣ በእኛ የካቲት 22 ቀን 2002፣ የአድዋ ዋዜማ መሆኑ ነው፣ ወፋፍራሞቹ ፕሌይስቴሽን 3ዎች በዓለም ዙሪያ በአንድ ቀን ታመሙ። 2010 ፌብሩዋሪ 29 ያለው ዓመት መስሏቸው ነበር። የሌለች ቀን ፈልገው ሲያጧት ጊዜ አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. ወደ 1999 መጨረሻ ተመለሱ። ቀጭኖቹን አልነካቸውም። ኩባንያው «እስኪስተካከል አታብሩት» አለ፤ የአድዋ ዕለት በራሱ ጊዜ ዳነ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን እኛ ቤት ሕፃን ያውቃል፤ ያ ሁሉ መሐንዲስ ምን ነካው እላለሁ።

አሁን ማሽኑ ድኗል። ዳንቴሉ ወደ ሬዲዮው ተዛውሯል፤ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላል። ልጄም «ሞቷል» ባለ በማግሥቱ ቅዳሜ፣ መብራት የነበረበት ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሜሲ ጋር ሲታገል ዋለ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ከሁለቱ ጆይስቲኮች የአንደኛው የግራ ዘንግ ሳይነኩት ወደ ጎን ይሮጣል፤ ተጫዋቹን ከሜዳ ያስወጣዋል። እስካሁን ለልጄ የምሰጠው እሱን ነው፤ 14 ለ 2 እየመራሁ ነው፣ መንቃት ግን ጀምሯል። ጓዳው ውስጥ የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ የወደቀበት ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ ልጄ ሳይሰማ ንገሩኝ።