በርበሬ ቤልት ሲያስቆም

እዚህ አሜሪካ ዌርሃውስ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ፓኬጅ ሲጠፋበት ለድርጅቱ አይደውልም፤ ለዘመዱ ነው የሚደውለው። ዘመዱ ጫኝ ይሁን ባለአክሲዮን ግድ የለውም። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የፓኬጅ አመላላሽ ድርጅት ዘንድ ዶሮ ሳይጮህ ገብቼ መኪና እጭናለሁ። የድርጅቱ ስም ይቆየን፤ ደሞዜ ገና ከዚያው ነው። ለዘመዶቼ ጫኝ ነኝ ስል ግን የሚያምነኝ የለም፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ረጅም ቤልት ሣጥን ተሸክሞ ይመጣል። በቤልቱ ዳር አከፋፋይ መኪኖች የኋላ በራቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። አንድ ጫኝ ሦስት ወይም አራት መኪና ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ሣጥን ላይ ትንሽ ስቲከር አለች፤ የመኪናውን ቁጥርና መደርደሪያውን ትናገራለች። ሳብ፣ አንብብ፣ አስገባ፤ አለቀ። ጋሼ የምንላቸው፣ እዚሁ ሥራ ላይ ጸጉራቸው የሸበተ የጎንደር ሰው እንደሚሉት ስቲከሯ ሳትመጣ በፊት ጫኙ የየመኪናውን መንገድ ስም ከነቤት ቁጥሩ በቃሉ ያጠና ነበር። «ያን ጊዜ ጭንቅላት ነበረን» ይላሉ፣ የኛን ጭንቅላት በጥርጣሬ እያዩ።

የተሳሳተ መኪና ውስጥ የገባ ሣጥን ሚስሎድ ይባላል። ሾፌሩ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ፣ መደርደሪያው ሲራቆት ነው። ያኔ ከመንገዱ ወጥቶ ራሱ ያደርሰዋል፣ ወይም የሣጥኑን ትክክለኛ ሾፌር ነዳጅ ማደያ ቀጥሮ ያስረክበዋል፣ ወይም ማታ ይዞት ይመለሳል። ከተመለሰ በማግስቱ ሌሊት እንደገና እኛ ፊት ይቀርባል። ተቀባዩ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፤ ስልኩም «ለማድረስ ወጥቷል» ይለዋል። ውሸት አይደለም፣ ወጥቷል። የወጣው ወደ ሌላ ሰው ሰፈር ነው እንጂ።

ሱፐርቫይዘራችን ጢሙ ገና ያልሞላ ልጅ ነው። ሥራ ሳንጀምር ይሰበስበንና የትናንቱን ሚስሎድ ይዘረዝርልናል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ «ትኩረት!» ይላል። ከዚያ ቤልቱን ያስነሳል። ቤልቱ ከተነሳ በኋላ ትኩረት ከየት ይመጣል? ሣጥን በሣጥን ላይ ይደራረባል። ስቲከሩ ወደ ታች የተገለበጠ አለ። 6 ይሁን 9 የማይለይ አለ። ሣጥኑ እንዳያልፍህ አንስተህ መሬት ላይ ትከምራለህ፤ የሁለት መኪና ሣጥን አንድ ክምር ላይ ከተገናኘ ደግሞ ዓይንህ ማንበቡን ይተውና እጅህ ወደለመደው መኪና ይወረውራል። ልጁ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እሱም በሰዓት ይህን ያህል ሣጥን አሳልፍ የሚለው አለቃ አለበት።

በዚህ መሃል ነው እትዬ የደወሉት። እትዬ አክስቴ ናቸው፤ አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ይኖራሉ። ዴንቨር ያለችው እህታቸው ከአገር ቤት ከመጣላት በርበሬ ግማሹን ልካላቸው ነበር። ፋሲካ ደርሷል፣ በርበሬው አልደረሰም።

«አንተ ልጅ፣ በርበሬዬ የት አለ?»

«እትዬ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«እዚያ አይደለህ እንዴ? ቢሮህ ገብተህ እይልኛ!»

ቢሮዬ! እዚያ ግቢ ውስጥ የእኔ የምለው ነገር ጓንቴ ብቻ ነው። ቢሆንም በእረፍት ሰዓት የሣጥኑን መከታተያ ቁጥር ስልኬ ላይ አስገብቼ አየሁ። በርበሬው ከዴንቨር ተነስቶ ቨርጂኒያ ገብቷል። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ወደ ምዕራብ ተመልሶ ኢንዲያና ላይ ታይቷል። ከኢንዲያና ደግሞ ወደ እኛ መንገድ ጀምሯል። እትዬ አሜሪካ ሲኖሩ ያላዩትን አገር በርበሬያቸው ዞሮ አይቶታል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የአርሊንግተንን መንገዶች ነበር። ካውንቲው በአርሊንግተን ቡሌቫርድ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ስሙ ላይ ኖርዝ፣ ከዚያ በታች ያለው ሳውዝ ይጨመርለታል። ዘጠነኛው መንገድ ሰሜንም አለ፣ ደቡብም አለ። ላኪው «ሳውዝ» የምትለዋን ከዘለላት ሣጥኑ ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ሊያድር ይችላል። ነገር ግን ይህ ስሕተት ሰሜን አርሊንግተን ያደርሳል እንጂ ኢንዲያና አያደርስም።

ጋሼን ባማክራቸው «ዱሮ እንዲህ አልነበረም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፌዴራል ኤክስፕረስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1973 ሜምፊስ ላይ አገልግሎት ሲጀምር የመጀመሪያው ሌሊት ጭነቱ 186 ፓኬጅ ብቻ ነበር፤ 14 አውሮፕላኖች ለ25 ከተሞች ተካፈሉት። ለአንድ አውሮፕላን 13 ሣጥን ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ዓይነት እትዬም ሱፐርቫይዘር መሆን ይችሉ ነበር። ዛሬ ያን ያህል ሣጥን የማነሳው ገና እንቅልፌ ሳይለቀኝ ነው።

አንድ ሌሊት ታዲያ ጋሼ አስነጠሳቸው። ቀጥሎ ከእሳቸው በታች ያለው ልጅ አስነጠሰው፣ ቀጥሎ እኔን። ማስነጠሱ የቤልቱን አቅጣጫ ተከትሎ ወረደ። አንዱ ዓይኑን ይዞ ጮኸ። ሱፐርቫይዘሩ የድንገተኛ ማቆሚያውን ገመድ ሳበ፣ ቤልቱም ቀጥ አለ። በሥራ ደንባችን የሚያፈስ ሣጥን ለዚያ የሠለጠነ ሰው ሳያየው አይነካም። እኔ ሽታውን እንኳን በአፍንጫዬ፣ በሕልሜም አውቀዋለሁ። «ምግብ ነው፣ ቅመም ነው» እላለሁ፤ ሱፐርቫይዘሩ «አትጠጋ!» ይለኛል። ቢጫ ጓንት ያጠለቀ ሰው መጥቶ በርበሬያችንን ፈንጂ እንዳገኘ ሰው ከሩቅ ዞረው።

ሣጥኑ የዳይፐር ሣጥን ነው። በላዩ ላይ አዲስ ሌብል ተለጥፏል፤ ከዴንቨር ወደ አርሊንግተን ይላል። ጎኑ ላይ ሌላ ሌብል አለ፣ አሮጌ፤ ከአርሊንግተን ወደ ዴንቨር ይላል። ላኪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እትዬ! ቀደም ሲል ለእህታቸው ልብስ የላኩበት ሣጥን ነው። እህታቸው ሣጥን እንደማይጣል የተማረች የኛ ሰው ስለሆነች በዚያው በርበሬ ሞልታ መለሰችላቸው፣ የድሮውን ሌብል ሳትልጥ። ማሽኑ አንድ ቦታ የላዩን ባርኮድ ያነባል፣ አርሊንግተን ይልከዋል፤ ሌላ ቦታ የጎኑን ያነባል፣ ዴንቨር ይመልሰዋል። ሁለቱ እህትማማቾች በማሽኑ አማካይነት ሣጥኑን «አንቺ ውሰጂ» «የለም አንቺ» ሲባባሉ ነው የከረሙት።

ማጣራቱ ሰዓት ፈጀ። ቤልቱ ቆሞ እኛ ምን እንሥራ? መሬት ላይ የከመርነውን አንድ በአንድ እያነሳን አነበብን። ጋሼ አንዱ መኪና ውስጥ ገብተው የጎረቤት መኪና ሣጥኖችን እያጉረመረሙ አወጡ። እኔም ከራሴ መኪናዎች አወጣሁ። በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ ሰብስቦን በኛ በኩል ሚስሎድ የሚባል እንዳልነበረ አበሰረን። «አያችሁ? ትኩረት!» አለ። ጋሼ በአማርኛ «ትኩረት አይደለም ልጄ፣ በርበሬ ነው» አሉ። ሳቃችን ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባውም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። ለሚስሎድ መላ ፍለጋ ዩፒኤስ በቅርብ ዓመታት በሬዲዮ የሚነበብ ሌብል ማስገባት ጀምሯል፤ ጫኙ ሣጥኑን ይዞ የማይሆን መኪና ውስጥ ሲገባ መሣሪያው ያስጠነቅቀዋል። ኩባንያው እንደገለጸው ከ400 ሣጥን አንዱ ይሳሳት የነበረው ከ800 አንዱ ወደሚሳሳትበት ደረጃ ወርዷል። ጥሩ ነው። ግን ያቺ የመሣሪያ ድምፅ የምታደርገው ምንድነው? ጫኙን ለአንድ አፍታ ቆም ታደርገዋለች፣ ሌላ አይደለም።

የአገር ቤቱን አውቶቡስ ተራ የሚያውቅ ይህን አይስተውም። ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቶ መጀመሪያ የደሴውን ጆንያ፣ በላዩ የደብረ ብርሃኑን ይጭናል፤ ቀድሞ የሚወርደው ከላይ እንዲሆን። ስካነር የለው፣ ስቲከር የለው። ግን ዕቃውን አንድ በአንድ ነው የሚቀበለው፣ «የት ነው የምትወርደው?» ብሎ እየጠየቀ። ሁለት ሰው ባንዴ ቢወረውርለት ይሳደባል እንጂ አይቀበልም። እኛ ቤልቱን መሳደብ አልቻልንም።

የተረፈው በርበሬ በአዲስ ሣጥን ታሽጎ፣ በትክክለኛው መኪና እትዬ ቤት ገባ። መዝነው «ጎድሏል፣ ማን በላው?» አሉኝ። የጎደለውን ሠራተኛው ሁሉ በአፍንጫው ተካፍሎታል ብላቸው አላመኑም።

እንግዲህ በአሮጌ ሣጥን ዕቃ የምትልኩ ወገኖች፣ የድሮውን ሌብል ላጡት፤ አልላጥ ካለ በጥቁር ማርከር ደልዙት። አድራሻውን ከነኖርዙና ከነሳውዙ ጻፉ፤ በርበሬ ከሆነም በወፍራም ፌስታል ደራርባችሁ አስሩ። ቤልቱን የምታስነሱ አለቆች ደግሞ ለአንድ ጫኝ አንድ መኪና ቀንሱለት፣ ቤልቱንም ትንሽ ቀስ አድርጉት። ስብከቱ ይቅርብን።