የእኔ ላፕቶፕ አያረጅም

ላፕቶፔን ልሸጥ ነው። ይህን የምነግራችሁ ግዙኝ ብዬ አይደለም፤ አቅማችሁን አውቃለሁ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ለህሊናው የሚመች ዋጋ እስኪያወጣ ድረስ ስንት ሌሊት ሲገላበጥ እንደሚያድር ሰው ይወቅልን ብዬ ነው። ገዢ ምን አለበት? ኪሱን ዳብሶ ይመጣል፣ ዕቃውን ገለባብጦ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ይሄዳል። ጭንቁ የሻጭ ነው።

ዕቃው ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው። በ2011 ዓ.ም. በ18 ሺህ ብር ገዛሁት። ያኔም አዲስ አልነበረም፤ ከሆዱ በኩል የድሮ መሥሪያ ቤቱ የንብረት ቁጥር ተልጦ ሙጫው ቀርቷል፣ ኪቦርዱም የጀርመን ስለሆነ ዜድና ዋይ ቦታ ተቀያይረዋል። ሻጩ ግን «ከዱባይ የመጣ ነው፣ አገር ውስጥ እጅ አልነካውም» ሲለኝ ልቤ ሞላ። ጀርመን አገር ስንት እጅ እንደነካው አልጠየቅሁም። የፈረንጅ እጅ መቼም ዕቃ አያስረጅም።

ወደ ዋጋው ልምጣ። እኔ እንደ አንዳንዱ ሰው ከአየር ላይ ቁጥር አልጠራም፤ ሒሳብ እሠራለሁ። በ2011 ባንክ አንድ ዶላር የሚመነዝረው በ28 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ላይ የነበረው ዶላር ሽቅብ ተነሥቶ ይኸው ከ140 አለፈ። እንግዲህ 18 ሺህን ለ28 አካፍዬ በ140 ሳባዛው፣ ያለ አንዲት ሳንቲም ትርፍና ጉድለት 90 ሺህ ብር መጣ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አየሁት። ሒሳብ እንዲህ ድፍን ሆኖ ሲመጣ ከላይ የታዘዘ ነገር አለበት።

ደስታዬን ለሥራ ባልደረባዬ ባካፍለው «ላፕቶፑም እኮ ያንኑ ያህል ዓመት አርጅቷል» ብሎ ቀዘቀዘብኝ። ምን አገናኘው? ዶላሩ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ተወደደ፤ እኔም ዕድሜ ስጨምር «ጋሼ» ተባልኩ፤ ላፕቶፑ ብቻ በዕድሜው የሚዋረድበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህ ባልደረባዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ከንግድ ጋር አልተፈጠረም። እርሱ እንደሚለው የተገዛበት ዋጋ የሻጩ የግል ታሪክ ነው። መታየት ያለበት ዛሬ ይህንኑ የመሰለ ዕቃ፣ በዚሁ ዕድሜና በዚሁ ይዞታ፣ ሱቅ ላይ በስንት እየወጣ እንደሆነ ነው። ያውም ሻጩ የጠራው ሳይሆን ገዢ ከፍሎ የሄደበት። ከዚያ ላይ ገዢው ነገ የሚያወጣው የባትሪና የጥገና ወጪ ይቀነሳል፤ ሱቁ የጥቂት ወር ዋስትና ሲሰጥ አንተ ስልክህን ስለምትዘጋ ለዚያም ትንሽ ይቀነሳል። «ዶላሩ የአዲሱን ዋጋ ሰቅሎታል፣ ያንተንም ትንሽ ይዞት ወጥቷል፤ ግን አንተ ዕርጅናውን እያስቀረህ ዶላሩን ብቻ ነው የቆጠርከው» አለኝ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖረው።

90 ሺሁ መነሻ ነው። ፍቅሩ ገና አልተደመረም። የማስተርስ መመረቂያዬን የጻፍኩት በዚህ ላፕቶፕ ነው፤ ምዕራፍ ሦስትን ስጽፍ ሻይ ተደፍቶበት የኤንተር ቁልፉ እስካሁን ጠቅ ሲደረግ ጣት ይይዛል። ያ ቁልፍ ለገዢ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ቅርስ ነው። ቅርስ ደግሞ በነጻ አይሰጥም። ለዚህ 5 ሺህ ልጨምር አሰብኩ።

በዚህ ብቻዬን አይደለሁም። በ1990 እ.ኤ.አ. ካህነማን፣ ክኔችና ታለር የተባሉ ሊቃውንት አንድ ጥናት አሳተሙ። ለግማሾቹ ተማሪዎች የቡና ኩባያ ሰጧቸውና ለመሸጥ ስንት እንደሚፈልጉ፣ ባዶ እጃቸውን የቀሩትን ደግሞ ለመግዛት ስንት እንደሚከፍሉ ጠየቁ። ኩባያው እጃቸው ከገባ ገና ጥቂት ጊዜው ነው፤ ባለቤቶቹ የጠሩት ዋጋ ገዢዎቹ ካሰቡት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከሦስቱ ሁለቱ ኋላ በየጊዜያቸው ኖቤል ተሸለሙ። ሽልማቱ ይገባቸው አይገባቸው አላውቅም፤ ለአንድ ኩባያ እንዲያ የተሳሱ ልጆች፣ ሻይ የደፉበትን ላፕቶፕ ቢሆን ስንት ይሉ ነበር የሚለውን ሳይጠይቁ ነው የተሸለሙት።

ዋጋው ከወጣ በኋላ የቀረው ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ የቃል ጥበብ ይጠይቃል። ያልዋሸሁበትን ሁሉ ልንገራችሁ። «ስላይትሊ ዩዝድ» አልኩ፤ እውነት ነው፣ ቅዳሜና እሑድ አልከፍተውም። «ባትሪ ይይዛል» አልኩ፤ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ያልጻፍኩት ቦታ ጠቦኝ ነው። «ኮር አይ ፋይቭ» ብዬ ስንተኛ ጄኔሬሽን የሚለውን ተውኩት፤ ስድስተኛ ነው ብዬ ሰውን በቁጥር ማደናገር አልፈለግሁም። «ዊንዶውስ 11 የተጫነበት» ብያለሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ በኢንቴል በኩል ደግሞ 11ን የሚፈቅደው በጥቅሉ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ላሉት ስለሆነ፣ አንድ የሰፈር ልጅ በጓሮ በር አስገባልኝ። ማሽኑ ሲነሣ ትንሽ ያቃስታል። ያው፣ በጓሮ የገባ እንግዳ ቤቱን እስኪለምድ ነው።

ይኸው ልጅ ኦፊስ፣ ፎቶሾፕ፣ አውቶካድና ሁለት ጸረ ቫይረስ በክራክ ጭኖልኛል፤ ሁለቱ ጸረ ቫይረሶች እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። የእነዚህን ሁሉ ዋጋ በዶላር ብደምረው ከላፕቶፑ ይበልጣል። ለገዢው በነጻ ትቼለታለሁ። ደግነት እንዲህ ነው።

ፎቶውስ? ስክሪኑ ግርጌ፣ በግራ በኩል፣ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ነገር አለች። በነጭ ገጽ ላይ ትታያለች፤ በጥቁር ላይ ትጠፋለች። ስለዚህ ዎልፔፐሩን የሌሊት ሰማይ አደረግሁት። አንድ ገዢ በስልክ ፎቶውን አይቶ «ኮከቧ ታምራለች» አለኝ። አመሰገንኩት።

በመጨረሻ አንድ የምር ገዢ መጣ። ስድስት ኪሎ የሚማር፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ቦርሳውን ከፊት ለፊቱ ያዘለ ልጅ ነው። አንድ ካፌ ተቀጣጠርን። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልዬ ይዤለት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ላየው?» አለኝ። ሰው አክባሪ ነው ብዬ ፈቀድኩለት። ይህ ሰው አክባሪ ታዲያ ፊልም ከፍቶ ድምፁን ይሰማል፣ ኪቦርዱን ይነካካል ብዬ ስጠብቅ፣ አንዲት ጥቁር መስኮት ከፍቶ የሆነች መስመር ጻፈ፤ ወዲያው የባትሪው ሪፖርት ወጣ። ሲሠራ 46,500 ሚሊዋት አወር ይይዝ ነበር ይላል፤ አሁን ሞላ ሲባል የሚይዘው 13,900። ላፕቶፔ ይህን ሁሉ መዝግቦ እንደሚይዝ አላውቅም ነበር። ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ ባዕድ ፊት ገመናዬን አወጣ።

«ጋሼ፣ ባትሪው ከመቶ 30 እንኳ አልቀረውም» አለኝ ልጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ተማሪ አይደለህ እንዴ? ሰክተህ ትጠቀማለህ።»

«ዶርም መብራት ይጠፋል እኮ።»

«መብራት ሲጠፋ ትተኛለህ። እንቅልፍ ለጤና ነው።»

ቀጥሎ ነጭ ገጽ ከፈተ። ኮከቧ ወጣች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ቆየና «25 ሺህ ብሰጥዎትስ? እርሱም ባትሪ ስለምቀይርለት ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ግን ካፌ ውስጥ ነን። ዶላሩን፣ 28ቱን፣ 140ውን፣ ምዕራፍ ሦስትን አንድ በአንድ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ስጨርስ «እሺ ጋሼ፣ ይሳካልዎት» ብሎ ተነሣና የእኔንም የማኪያቶ ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። በዚህ አያያዙ ይህ ልጅ ገንዘብ አይበረክትለትም።

በደላላ ሞከርኩ። ደላላው በስልክ «90 ሺህ? ይሄዳል! ባልና ሚስት እየጠበቁኝ ነው» አለ። በማግስቱ «70 ካልክ ዛሬውኑ»፣ በሦስተኛው ቀን «እንደው ለዕድል 30»። ባልና ሚስቱ በየቀኑ እየደኸዩ ሄዱ መሰለኝ። ተውኩት።

እስከዚያው ግን ሥራ አይቆምም፤ ለራሴ የተሻለ ላፕቶፕ ያስፈልገኛል። ባልደረባዬን አስከትዬ መገናኛ ወረድኩ። ከፎቅ ፎቅ ስንወጣ አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ አንዱን ከመደርደሪያ አውርዶ በእጁ መዳፍ እየጠረገ «ይሄ አይ ሰቨን ነው፣ አባቴ! 55 ሺህ» አለን።

«ስንተኛ ጄኔሬሽን?» አልኩት።

«አይ ሰቨን ነው።»

«ገብቶኛል። ጄኔሬሽኑን ነው።»

«ወንድሜ፣ አይ ሰቨን ነው እያልኩህ!»

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች አሉ። ባልደረባዬ ከሥሩ ያለውን ገልብጦ ሲያይ ሰባተኛ ጄኔሬሽን፣ 7500ዩ የሚባለው ሆኖ ተገኘ። ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ በዓመቱ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ስምንተኛ ጄኔሬሽን አይ ፋይቭ፣ 8250ዩ፣ አራት ኮር አለው። ስሙ ሰባት ስለሆነ አምስትን ይበልጣል ማለት አይደለም አለኝ። ተናደድኩ። እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ከሰው ይደበቃል? ጄኔሬሽኑን ሳይናገሩ መሸጥ ማለት እኮ ዝርፊያ ነው!

አልማርኩትም። የባትሪውን ሪፖርት አስወጣሁ፤ ጥቁር መስኮቷን ከልጁ ተምሬአለሁ። ስክሪኑን ነጭ አስደረግሁ። መታጠፊያውን አርገበገብኩ። «ስንት ዓመት ሆነው? ያገለገለ ዕቃ ነው እኮ! ባትሪ እኔ ነኝ የምቀይር! ዋስትናህ ስንት ወር ነው?» አልኩት። ሻጩ ላቡን ጠረገና «ወንድሜ፣ ዶላሩን አታየውም እንዴ?» አለኝ።

«ዶላሩ እኔን ምን አገባኝ?» አልኩት። «እኔ ደሞዝ የምበላው በብር ነው። በ20 ሺህ ከሰጠኸኝ ስጠኝ።»

ባልደረባዬ በዚህ መሀል የት እንደሄደ አላየሁትም። ኋላ ደረጃው ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጉንፋን ይሆናል።

ሳልገዛ ተመለስኩ። ገበያው ሰው የለውም፤ ሁሉም አሮጌውን በአዲስ ዋጋ ካልሸጥኩ ባይ ነው። ላፕቶፔ እናቴ ባለበሰችው ነጭ ዳንቴል ሥር፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ የልጄ ነው፣ 90 ሺህ ጠይቀውታል» ትላለች። ጠያቂው እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

ትናንት ማታ ዳንቴሉን ገልጬ ቻርጀሩን ሳልሰካ ልከፍተው ብሞክር እምቢ አለ። ሰካሁት፤ በራ። ነቀልኩት፤ ያን ጊዜውኑ ጨለመ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሰክቼ ነቅዬ ካየሁ በኋላ ማስታወቂያዬን ከፈትኩና «ባትሪ ይይዛል» የሚለውን አጠፋሁ፤ እኔ ሰው አላታልልም። በምትኩ «በቀጥታ በመብራት የሚሠራ» ብዬ ጻፍኩ። ቅርሱ ሲደመር ዋጋው 95 ሺህ ሆኗል፤ በድርድር።