ስልሳ አንድ የቱ ነው?

ሐይቅ ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አዛውንት በጠየቅሁ ቁጥር መልሱ አንድ ሆነ፤ «በስልሳ አንድ? እኔስ ቤት የጣለ መንቀጥቀጥ አላስታውስም።» ከአንድ መሥሪያ ቤት የተሰጠኝ መጠይቅ ግን «1961፣ ካራ ቆሬ» ይላል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልተጻፈበትም። ይህ ያናድዳል። ማጀቴን ያፈረሰው፣ ካራ ቆሬን ክፉኛ የጎዳው መንቀጥቀጥ እ.ኤ.አ. 1961 ነው፤ በእኛ ግንቦት 1953። በእኛ መጋቢት 1961 ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶን ያፈረሰ ሌላ አለ። ሁለት የተለያየ መከራ አንድ ቁጥር ለብሶ ይዞራል።

ወደ ውጫሌ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ፣ ከገደሉ ድንጋይ ተንከባሎ አስፋልቱን ዘጋ፣ ሾፌሩም «ውረዱ፣ እስኪነሳ ነው» አለ። የሚነሳበት ሰዓት አልታወቀም። ጥግ ፍለጋ ስሮጥ አንድ ሽማግሌ ከደጃቸው ጠሩኝ፤ «ና እንጂ ልጄ፣ በሰበስክ እኮ!»

ጀበናው እስኪፈላ ስለ መንቀጥቀጥ አነሳሁ። ዓመተ ምሕረት አልጠየቅኋቸውም።

«ልጅ ነበርኩ። ሌሊት ነው። መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚመጣ መኪና ጉርርር አለ። አባቴ ተነስቶ ፋቲሐ ጀመረ። ሊጨርስ ሲል ቤቱ ተወዛወዘ፤ ቅሉ ከግድግዳው ወረደ።»

ቡናዬን አስቀመጥኩ። «አባባ፣ አባትዎ በቀሩበት ፍጥነት ይቅሩልኝ።» ዓይናቸውን ጨፍነው በጥድፊያ ቀሩ፤ ስልኬ አሥራ አራት ሰከንድ ቆጠረ።

የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዎች በየዕለቱ የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው። ምድር ስትሰበር ሁለት ሞገድ አብሮ ይነሳል። ፈጣኑ ቀድሞ ያጉረመርማል፣ ዘገምተኛው ኋላ ደርሶ ያወዛውዛል። በመካከላቸው ያለውን ሰከንድ በስምንት ብታበዛው ግምታዊው ርቀት በኪሎ ሜትር ይወጣል። አሥራ አራት ጊዜ ስምንት፣ መቶ አሥራ ሁለት። ከዚያ ደጃፍ እስከ ካራ ቆሬ አካባቢ በቀጥታ ቢለካ ከዚሁ ብዙ አይርቅም፤ ሰርዶ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ደግሞም የሰርዶው እኩለ ቀን ላይ ነበር። ትልቁ የካራ ቆሬው የደረሰው በሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

በእርግጥ የስድሳ ዓመት ትዝታ መሣሪያ አይተካም። አንድ ጣቢያም የሚነግርህ ርቀትን እንጂ አቅጣጫን አይደለም፤ ምንጩ የት እንደሆነ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል። ያኔ በአዲስ አበባ መሣሪያውን ያቆሙት አባ ፒየር ጉዌንም በመርፌው ጭረት ብቻ አልረኩም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ውስጥ የሰው ምስክርነት ትልቅ ቦታ አለው። ያ ሥራ መቀጠል አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ አካባቢ የአፋር ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። ደጋው እየተሰበረ ወደ ምሥራቅ ዝቅ የሚልበት ስለሆነ፣ የአምባሰልን ግርጌ የሚነካው ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በእኛ 2017 አዋሽ ፈንታሌ ላይ የሆነውን መንቀጥቀጥ ሁላችን አይተናል።

ስለዚህ መጠይቁ ይቀየር። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት በፊት «ከጉርምርምታው እስከ ውዝዋዜው ምን ያህል ቆየ? ሌሊት ነበር ቀን?» ይባል። የቀን አቆጣጠሩ ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ። በእኛ 1953 አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ሰባን አልፏል፤ ባቲና መርሳ ላይ ሌሎቹን ሁለት «ጣቢያዎች» አሁን መፈለግ አለብን።